ከአንጓው በታች

ደብረ ታቦር ውስጥ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ነገር ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው፤ ወይ አረም ነው ወይ ቆሻሻ። የእኔን ተክል ለመጥራት ሁለቱንም ይጠቀማሉ። አከራዬ እትዬ ዘነበች ደግሞ ለእኔ ለራሴ ስም አወጡልኝ፤ የውሃ ገበሬ። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ፣ እንዴት አደርክ ገበሬው፣ ዘንድሮ ስንት ኩንታል ትጠብቃለህ ይሉኛል። እኔም ዝናቡ ጥሩ ነው እትዬ፣ እግዜር ያውቃል እላለሁ። ከዚያ በላይ አልመልስም። ከሰው ጋር መነጋገር ድሮም አይሆንልኝም። ተክሌ ያለበትን የውሃ ሳጥን ግን ከክፍሌ አላወጣሁም፤ አላወጣምም።

ሳጥኑ የመስኮት መስተዋት ነው። የምሠራው አቶ እሸቴ የአሉሚኒየምና የመስተዋት ሥራ ቤት ነው። ልኩ የተሳሳተ፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ያዘዘው ሰው ሳይወስደው የቀረ መስተዋት እዚያ ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። ከእሱ ቆርጬ በሲሊኮን አጣብቄ፣ ርዝመቱ ሁለት ክንድ የሆነ ሳጥን ሠራሁ። የመጀመሪያው ፈነዳና መጽሐፎቼን ሁሉ አረጠበ። ሁለተኛው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ከላዩ የሱቅ ደጃፍ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ባውዛ አለው፤ ከታቹ ከርብ ወንዝ ያመጣሁት አሸዋ።

ተክሉን ያገኘሁት ወንዛዬ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ያልመጣልኝ ዓመት እናቴ ፍል ውሃ ተጠመቅ፣ ጭንቅላትህን ይከፍትልሃል ብላ ላከችኝ። ሰው ሁሉ ወደ ፍሉ ሲጋፋ እኔ ትርፉ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ተከትዬ ቁልቁል ሄድኩ። ውሃው ለብ ወደሚልበት ቦታ ስደርስ ውስጡ ቆመው የሚወዛወዙ ቀጫጭን አገዳዎች አየሁ። ቅጠላቸው በየአንጓው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ቀይ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳያቸው ዋልኩ። የወደቅሁትን ፈተና የረሳሁት በዚያ ዓመት ያን ቀን ብቻ ነው። ጀሪካን ፈልጌ ከነውሃቸው ጥቂት ወሰድኩ።

ከሐሙሲት በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጀሪካኑን አይተው ጠበል መሰላቸው። ትንሽ እንድረጫቸው ለመኑኝ። ጠበል አይደለም፣ ቅጠል ነው ያለው ብላቸው የሰሰትኩ መሰላቸው፤ እስከ ወረታ ድረስ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

አያያዙን ያስተማረኝ ሰው የለም። ስልኬ ላይ የማያቸው ቪዲዮዎች የሌላ አገር ናቸው፤ የእነሱ ውሃ ሞቃት ነው፣ መብራታቸውም አይጠፋም። እኔ የተማርኩት እየገደልኩ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ግማሹን ገደልኩ። በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር አገዳው ዝም ከተባለ ወደ መብራቱ ብቻ እንደሚሮጥ ነው። ከላይ ያምራል፣ ከታች ቅጠሉ ረግፎ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ገና ሲያምር መቆረጥ አለበት። ስለት ባለው መቀስ ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብዬ እቆርጣለሁ፤ የታችኛውን ጥንድ ቅጠል ገፍፌ ጫፉን አሸዋ ውስጥ እተክለዋለሁ። በሳምንት በአሥር ቀን ሥር ይሰዳል። የተቆረጠው ጉቶም አይሞትም፤ ከአንጓው ሁለት ቀንበጥ ያወጣል።

ጣጣው የመጣው ከአቶ ውቤ ሆቴል ነው። አቶ ውቤ አራት ፎቅ ሆቴል ሠርተው በቡሄ ሊያስመርቁ ነበር፤ ለእንግዳ መቀበያው ትልቅ የዓሣ ሳጥን እኛ ዘንድ አሠሩ። ያጣበቅሁት እኔ ነኝ። ከአቶ እሸቴ ጋር ልገጥም የሄድኩ ዕለት ከጠረጴዛው ሥር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የላስቲክ ተክል አየሁ። ሐምራዊ አለ፣ ብርቱካናማ አለ፣ ሰማያዊም ነበረበት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። የሰው ዓይን ማየት የማልችለው ልጅ፣ ጋሼ ይሄን አይክተቱ፣ ነፍስ ያለው እኔ አበቅልልዎታለሁ አልኳቸው።

አቶ ውቤ ሳቁ። በዚህ ብርድ ከገብስና ከባሕር ዛፍ ሌላ ምን ይበቅላል አሉ። የሳጥኔን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ስልኩን አንዴ አቅርበው አንዴ አርቀው አዩት። በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ቡሄ ዋዜማ ሳጥኑን ካለበስኩት የእኔ ተክል ይገባል፤ ካላለበስኩት ላስቲኩ። አቶ እሸቴ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሲቆጡኝ መጡ፤ ማን ጠየቀህ፣ መስተዋትህን ገጥመህ አትወጣም ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም። በሃያ ሦስት ዓመቴ ማንም ሳይጠይቀኝ አፌን የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህም መልሼ ልውጠው አልፈለግሁም።

ይሄ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ሳጥኔ በዚያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቆርጬ ብተክለው የሆቴሉን ይሸፍናል ብዬ አስልቼ ጨርሻለሁ።

በሐምሌ አጋማሽ አያ ይሻው መጡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ፋርጣ ውስጥ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። ጉልበታቸውን ታመው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ቀጠሮው በየሳምንቱ ስለሆነ እኔ ዘንድ አረፉ። አልጋውን ለቀቅሁላቸው። አያ ይሻው በአገሩ የታወቁት በአረም ነው። ስናር ገና ሁለት ቅጠል ሳለ ከገብስ አይለይም፤ እሳቸው ግን ቆመው ሳይጎነበሱ ይለዩታል። እንዲህ ያለ ሰው በሐምሌ ማሳውን ጥሎ ከተማ መቀመጥ ከጉልበቱ ይልቅ እሱ ያመዋል። መስኮቱ ጋ ቆመው ዝናቡን እያዩ፣ ልጆቼ ገብሱን በደንብ አርመውት ይሆን ይላሉ፤ ጣቶቻቸው ዝም ብለው ይንቀሳቀሳሉ። ሳጥኑንም አዩ። ውስጡ ያሉትን ሦስት ትንንሽ ዓሦች ወደዷቸው። ስለ ቀረው ምንም አላሉም። ጨዋ ናቸው፤ በእንግድነት ባረፉበት ቤት ነውር አያነሡም።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ በሩን ከፍቼ እዚያው ቆምኩ። ሳጥኑ ወለል ብሏል። አሸዋው እንደ ተጠረገ አውድማ ተስተካክሏል። ሦስቱ ዓሦች ባዶው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አያ ይሻው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እያደረቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በርቷል።

"አረምኩልህ ጥላዬ" አሉኝ። "ዓሦችህን አንቆ ይዟቸው ነበር። አንተ ከሥራ መች ይመችሃል ብዬ ነው። አንድ ሥር አላስቀረሁበትም።"

የት እንዳደረጉት ጠየቅኋቸው።

"ለሴትዮዋ ሙክት ሰጠሁት። መቼም እንዴት እንደወደደው።"

እትዬ ዘነበች ለእንቁጣጣሽ የሚያደልቡት ሙክት ከኩሽናው ጥግ ይታሰራል። ሮጬ ስደርስ ዓይኑን ከደን አድርጎ ያላምጣል፤ አገጩ ላይ አንድ ቀይ ቅጠል ተለጥፏል። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ለታላቅ የማይባል ነገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን ይሄ ብቻ ነው፦

"አያ፣ አረም አልነበረም። አዝመራዬ ነበር።"

ከዚያ የሆቴሉን ነገር፣ የቡሄን ቀጠሮ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አያ ይሻው እጃቸውን አዩት። ቀስ ብለው ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ወጡ። ተከትዬ ስወጣ በዚያ በታመመ ጉልበት ሙክቱ ፊት ተንበርክከው ከጭቃውና ከበጠጡ መሐል ቁርጥራጭ ይለቅማሉ። እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ። እትዬ ዘነበች ከበራቸው ብቅ ብለው አዩንና፣ ይሄ ነገር ለካ በዘር ነው አሉ።

አሥራ አንድ ቁራጭ አገኘን። አንዳንዱ ጣት አይሞላም።

በማግስቱ አቶ እሸቴ ነገሩን ሰምተው፣ ተገላገልክ አሉኝ። ላስቲክ ምን አለው፣ ውሃ አይል መብራት አይል፣ ደውልና አልቻልኩም በላቸው አሉ። አልደወልኩም። ሃያ አምስት ቀን አለኝ አልኩ። ሃያ አምስት ቀን ለምን አሉ። ለአሥራ አንድ ቁራጭ አልኳቸው።

አሥራ አንዱን አጥቤ አንጓ ቆጠርኩ፤ ሃያ ስድስት ሆነ። አንድ አንጓ አንድ ተክል ይወጣዋል። ጥልቁ ሳጥን ውስጥ ብርሃኑ እታች ስለማይደርስላቸው ሰፊ ሳፋ ላይ አሸዋ አነጠፍኩ፣ አራት ጣት ውሃ አደረግሁበት፣ ከዚያ መቀሴን አነሣሁ። አያ ይሻው በርጩማ ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ የተረፈችውንም ትቆራርጣታለህ ወይ አሉኝ። ከአንጓው በታች እንደምቆርጥ፣ ከአንጓው ሥርም ቀንበጥም እንደሚወጣ፣ ጉቶውም እንደማይሞት ነገርኳቸው።

"እንደ ባሕር ዛፋችን በለኛ" አሉ። "ስትጥለው ከጉቶው አራት አምስት ሆኖ እንደሚያቆጠቁጠው።"

"እንደሱ ነው አያ።"

"ታዲያ እንዲህ ብለህ አትነግረኝም ኖሯል?"

"አልጠየቁኝማ።"

"አንተስ ብትጠየቅ መች ትናገራለህ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳፋው የእሳቸው ሆነ። እኔ ሥራ ስሄድ መብራት ካለ ባውዛው ሥር ያደርጉታል፤ ከሌለ ደመናው ሲገልጥ ወደ ግቢው ያወጡታል። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከሙክቱ ይጠብቁታል። ቀጠሮ ቀን ካልሆነ በቀር ከአጠገቡ አይርቁም። በረዶ የጣለ ዕለት ውሃው እንደ ቢላ ሆነ። አያ ይሻው ጋቢያቸውን አውልቀው ሳፋውን ጠመጠሙት። እሳቸው በኮታቸው ብቻ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። እትዬ ዘነበች፣ አረም ጋቢ ሲለብስ ዘንድሮ አየን እያሉ ለጎረቤት ይስቃሉ።

አያ ይሻው ቀና አሉ። "አረምስ እኔ አውቃለሁ፣ እመቤቴ" አሏቸው። "ይሄ አረም አይደለም።"

እትዬ ዘነበች ሳቃቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ስናርን በሁለት ቅጠሉ የሚለይ ሰው እንዲህ ካለ ማን ምን ይላል። እኔ በሩን ተደግፌ ስሰማ ከትምህርት ቤት ወዲህ የሆነልኝ ሁሉ ቢደመር ይቺን አያህልም አልኩ በልቤ።

አራቱ በስብሰው ሞቱ። ሃያ ሁለቱ ነሐሴ ሰባት ላይ ስንዝር ሊሞሉ ደረሱ። ቅጠላቸው ከሥር መቅላት ጀምሯል። አምስት ቀን ቀርቶኛል። ዝም ብተዋቸው ከስንዝር አልፈው፣ ሃያ ሁለት ረዣዥም አገዳ ይዤ እቀርባለሁ፤ ቀጫጭኖች ናቸው፣ ግን ከሩቅ ይታያሉ። ብቆርጣቸው አርባ አራት ይሆናሉ፣ ነገር ግን ጣት የሚያካክሉ። አያ ይሻው ተው አሉኝ። ሰውየው የሚያየው ቁመቱን ነው፣ ለቡሄ ይለፍና ከዚያ ቁረጠው አሉ። የሚሉት ገብቶኛል። ግን በዚያ ብርሃን እንዲሮጡ ከተውኳቸው ከታች ይራቆታሉ፤ ለአንድ ቀን አምረው ወር ሳይሞላ ይወድቃሉ።

"ለእሳቸው ዓይን ብዬ ካቆምኩትማ፣ ከላስቲኩ በምን ተለየ?" አልኩ።

አያ ይሻው መቀሱን ከመስኮቱ ጠርዝ አንሥተው አቀበሉኝ። ሃያ ሁለቱንም ቆረጥኩ።

የቡሄ ዋዜማ ጀሪካን ሞልቼ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። አያ ይሻው የመጨረሻ ቀጠሯቸውን ጨርሰው ነበርና አብረውኝ መጡ። ሳጥኑ ውሃ ተሞልቶ፣ ከባሕር ዳር በፌስታል የመጡ ቀያይ ዓሦች ገብተውበታል። ክንዴን ብብቴ ድረስ ከትቼ አንድ በአንድ ተከልኩ። ስጨርስ ወደኋላ ብዬ አየሁት። ዘንድሮ የበቀለ የገብስ ማሳ ይመስላል። ትንሽ ነው፣ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አቶ ውቤ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው ጋሼ። በወር ውስጥ ውሃውን ይሞላዋል።"

"ነገ እኮ ነው የማስመርቀው፤ በወር አይደለም።" ወደ ዘበኛው ዞረው ያን ማዳበሪያ አምጣ አሉት። ከዚያ መለስ ብለው ሲያዩኝ ራሩልኝ መሰለኝ፣ አትከፋ፣ የአንተም አይጣልም፣ ከላስቲኩ መሐል መሐል ይሁን አሉኝ። ትልቅ ነገር እንደ ሰጡኝ ያህል ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

የሚጠበቅብኝ አመስግኖ መውጣት ነበር። "ላስቲኩ ብርሃኑን ይጋርደዋል" አልኩ። "እሱ ከገባ የእኔ ይወጣል።"

"እንዴት ያለኸው ነህ አንተ። እንግዲያው አውጣው።"

አወጣሁት። አርባ አራቱንም፣ አንድ በአንድ፣ ጣቴን ከሥሩ በታች አሸዋው ውስጥ እየሰደድኩ። እንግዳ መግባት ጀምሯል፤ አንዳንዱ ቆሞ ያየኛል። አቶ ውቤ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ቶሎ በል እንጂ አሉኝ። ሥሩ እንዳይበጠስ ነው ጋሼ አልኳቸውና በያዝኩት ፍጥነት ቀጠልኩ። የመጨረሻዋን ጀሪካኑ ውስጥ ከትቼ ክንዴን አደረቅሁና፣ አንድ ነገር ልንገርዎት አልኳቸው።

"እዚህ ውስጥ ውሃም መብራትም አለ። የሚመገበው ተክል ከሌለ ሌላ ነገር ይመገበዋል። ሦስት ሳምንት ቆይተው ይዩት።"

"ልትረግመኝ ነው?"

"አይ ጋሼ። ስለማውቀው ነው።"

ስንወጣ ሜዳው ላይ ጅራፍ ይጮሃል። አያ ይሻው ጀሪካኑን ካልያዝኩ ብለው ነጠቁኝ፤ እያነከሱ ተሸክመውት ቤት ድረስ መጡ። ቡሄን ከእኔ ጋር ውለው በማግስቱ ወደ ገብሳቸው ተመለሱ። ሲወጡ ሳጥኔን ከደጅ ሆነው አይተው፣ እንግዲህ አደራ፣ ስትቆርጥ እጅህ አይሳሳ አሉኝ።

አርባ አራቱን ወደ ሳጥኔ መለስኳቸው። ሥራቸው ስላልተነካ ሳይደነግጡ ቀጠሉ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሆቴሉ ተደወለ። የእንግዳ መቀበያዋ ሠናይት ነበረች። መስተዋቱ አረንጓዴ ለብሷል፣ ላስቲኩ ሁሉ ልጋግ የመሰለ ነገር አውጥቷል፣ ሰማያዊው የቱ ሐምራዊው የቱ እንደሆነ አይለይም፣ እንግዶች አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ እባክህ መጥተህ እጠብልን አለችኝ። ለማጠብ አልመጣም አልኳት። ላስቲኩን አውጥታችሁ ላኩልኝና ያኔ እመጣለሁ፤ ተክሌን ይዤ። ስልኩን አቶ ውቤ ተቀበሏት።

"አንተ ማን ነኝ ብለህ ነው እኔን እንዲህ አድርጉ የምትለኝ?"

"ያጣበቅሁት ነኝ" አልኩ።

ዘጉት። አቶ እሸቴ ሥራ ልታሳጣን ነው ብለው ሦስት ቀን አኮረፉኝ። ከሆቴሉ ድምፅ ጠፋ። እኔም አልደወልኩም። ማታ ማታ ሳጥኔ ፊት ተቀምጬ ጉቶዎቹ የሚያወጡትን ቀንበጥ እቆጥራለሁ፤ መቶ ካለፈ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

ጳጉሜን ሁለት ጠዋት የሆቴሉ ዘበኛ ማዳበሪያ ተሸክሞ ግቢያችን ገባ። አፉን ፈትቶ መሬት ላይ ዘረገፈው። ሁሉም አንድ ቀለም ሆኗል፣ ይሸታልም። ጋሼ ውቤ ከሰዓት በፊት ይምጣ ብለዋል አለና ሄደ።

ሙክቱ ገመዱ እስከቻለለት ድረስ ተሳበ። አፍንጫውን አስጠግቶ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ አሸተተው። ከዚያ አስነጠሰና ጀርባውን ሰጠው። እትዬ ዘነበች የእንቁጣጣሹን ሽንኩርት እየላጡ ከበራቸው ያያሉ።

"እሱስ ለይቷል" አሉ፤ ሳቃቸውንም መያዝ አቃታቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ቀየር አድርገው፣ ለእኔ መስኮትም ትንሽ በጠርሙስ ታደርግልኛለህ አሉኝ።

አደርግልዎታለሁ አልኳቸው። ክፍሌ ገብቼ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብኩ። ሳጥኑ ከአሸዋው እስከ ውሃው ፊት ሞልቷል፤ ሦስቱ ዓሦች አይታዩም። ከሁሉ ያማረችውን፣ ቀይዋን፣ መብራቱን ልትነካ የደረሰችውን መረጥኩ። መቀሱን ከአንጓው ትንሽ ዝቅ አድርጌ ያዝኩና ቆረጥኳት።